«አክተሩ እንደሚሞት እያወቀ ሦስት እሁድ አጠገቤ ተቀመጠ»

(«ስኩዊድ ጌም» የተባለውን የኮሪያ ተከታታይ ፊልም እስከ መጨረሻው ያላየ አንባቢ ካለ ከዚህ ይመለስ። ጨርሶ ይምጣ። በኋላ እኔን እንዳይኮርፍ።)

ውድ አማካሪ፣ እንደምን ከረሙ?

ዓምድዎን የማነበው ሌሊት ሥራ ላይ ትንሽ ፋታ ሳገኝ ነው። እስካሁን የሰው ችግር እያነበብኩ ከንፈሬን ስመጥ ነበር። ዛሬ የራሴን ልጽፍ ተነሳሁ። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ፤ አይሳቁብኝ። የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ስቀዋል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ ከእኔ በፊት የወለዳት የ12 ዓመት ልጅም አለችው። አዲስ አበባ አያቷ ጋ ናት። ሊያመጣት ወረቀት ከጀመረ ቆይቷል፤ እስካሁን አላለቀለትም።

እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ሁለታችንም ቤት የምንሆነው እሁድ ማታ ብቻ ነው። ልጁን እናስተኛና ሶፋው ላይ ቁጭ እንላለን። ያቺ ሰዓት የእኛ ናት።

በ2021 እዚህ በመጣሁ በጥቂት ወር ውስጥ «ስኩዊድ ጌም» ወጣ፤ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ለገንዘብ ሲሉ ሕይወታቸውን አስይዘው የሚጫወቱበት ፊልም ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ከታች የሚጻፈውን አንብቤ ሳልጨርስ ያልፈኝ ነበር። ባሌ እያቆመ በአማርኛ ይነግረኛል። ዘጠኙን ክፍል እንደዚህ ጨረስነው። ሁለተኛው ሲዝን በ2024 መጨረሻ ሲመጣ እኔም ራሴ ማንበብ ጀምሬ ነበር። የዋናው አክተር የጊ-ሁን ጓደኛ ሲገደል ሁለታችንም ቃል ሳይወጣን አደርን።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጁን 27 ቀን 2025 ወጣ። ስድስት ክፍል ነው። በየእሁዱ ሁለት ሁለት እያየን በሦስት እሁድ ልንጨርስ ተስማማን። ማንም ቀድሞ አያይም ተባባልን። እኔ ቃሌን ጠበቅኩ። ቲክቶክን ከስልኬ አጠፋሁ። የሥራ ጓደኞቼ ወሬውን ሲጀምሩ ጆሮዬን ይዤ እወጣ ነበር።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ጊ-ሁን ጨዋታው ውስጥ የተወለደችውን ሕፃን ለማዳን አስቀምጧት ራሱን ቁልቁል ሲለቅ ጮህኩ። ወደ ባሌ ዞር ስል የሚያየው ቴሌቪዥኑን አይደለም። እኔን ነው። በሰዓቱ አልገባኝም። በማግስቱ ያችን መጨረሻ ደግሜ ላያት ኔትፍሊክስን ስከፍት ተሳስቼ የእሱን ስም ነካሁ። ስድስቱም ክፍሎች ሥር ምን ያህል እንደታየ የሚያሳየው ቀዩ መስመር ጥግ ድረስ ደርሷል።

ስጠይቀው አልካደም። ገና በወጣ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ በስልኩ ጨርሶታል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ሦስት እሁድ ሙሉ «ውይ! አሁን ምን ሊሆን ነው?» እያለ አጠገቤ የተቀመጠው። ለምን ብለው «መጨረሻውን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይኸው ዘጠኝ ቀኔ ነው። ከልጁ ጉዳይ በቀር አላናግረውም። ጓደኛዬ «በፊልም ባል ይኮረፋል?» ብላ ሳቀች። እናቴ በስልክ «መታሽ? ሌላ ሴት ያዘ? ታዲያ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ሌላም አለ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጊ-ሁን ከሞተ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ እሱን አስባለሁ። ኮሪደሩ ጭር ሲል እንባዬ ይመጣል። የሌለ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ጤነኛ ነኝ? ባሌ ያደረገውስ ቀላል ነገር ሆኖ እኔ ነኝ ያከበድኩት?

የእሁድ ማታዋ፣ ከሜሪላንድ

*

እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ። በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም።

አልሳቅኩም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፈገግ አልኩ፤ «ውይ! አሁን ምን ሊሆን ነው?» የምትለዋ ላይ። ሦስት እሁድ ሙሉ ያለ ልምምድ መተወን ቀላል ሥራ አይደለም። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ለማንም ያልተናገርሽውን ነገር እናንሳ።

ጤነኛ ነሽ። ጊ-ሁንን ያወቅሽው አገር ቀይረሽ፣ ሰው ሳትለምጂ፣ ቋንቋው ገና ሳይገባሽ ነው። አንቺ አዲስ ሕይወት ስትጀምሪ እሱ ከዕዳው ሊወጣ ይፍጨረጨር ነበር። አራት ዓመት ልትሞሉ ትንሽ ነው የቀራችሁ። በእነዚህ ዓመታት የእሱን ፊት ከአንዳንድ ዘመዶችሽ ፊት ይልቅ በቅርብ አይተሻል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው በቴሌቪዥን ከሚያየው ሰው ጋር ስለሚይዘው የአንድ ወገን ወዳጅነት ጽፈዋል። ቴሌቪዥን እኛ አገር ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ በሽታ አልያዘሽም።

ደግሞ አሟሟቱም ከባድ ነው። ፈረስ አይደለንም፣ ሰው ነን ይላል። «ሰው ደግሞ…» ብሎ ይጀምራል፤ ሳይጨርሰው ይወድቃል። አንቺ የምትሠሪው አረጋውያን ጋ ነው። የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ የሚሄዱ ሰዎች አጋጥመውሽ ይሆናል። የአንዱ አልጋ ጠዋት ተነጥፎ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ አንቺም ጓንትሽን ቀይረሽ ትቀጥያለሽ። ለእነሱ የማልቀሻ ጊዜ ነበረሽ? መልሱን ለእኔ አትላኪው። ኮሪደሩ ጭር ሲል እንባው ሲመጣ ግን የማን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። የጊ-ሁን ብቻ ከሆነም ምንም አይደለም፤ አልቅሺለት። እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልሽ ከሆነና ሳምንታት ከቆየ ብቻ ሐኪም አማክሪ።

አሁን ወደ ሰውየው።

«ፊልም ነው» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ግን አንቺም አንድ ነገር አስተውዪ። ባልሽ ፊልሙን አላበላሸብሽም። ጊ-ሁን ይሞታል ብሎ አልነገረሽም። መጨረሻውን ሳታውቂ ደርሰሽ፣ ሳታውቂ ጮኸሽ አይተሻል። ታዲያ የወሰደብሽ ምንድን ነው? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደሚመስለኝ የወሰደብሽ አብሮ አለማወቅን ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባልና ሚስት አብሮ ማወቅ ይበዛባቸዋል። የቤት ኪራይ መቼ እንደሚከፈል፣ የማን እናት ምን እንዳመማት፣ ልጁ ምን እንደማይበላ ሁለቱም ያውቁታል። ሁለት ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር እኩል ሳያውቅ፣ እኩል ልቡ ሲመታ ግን በሳምንት ስንት ጊዜ ይገኛል? በ2021 እሱ ቀድሞ አንብቦ ይነግርሽ ነበር። ያን ጊዜ ግድ ነበር፤ ደግሞም ፍቅር ነበር። ዘንድሮ አንቺም አንባቢ ሆነሻል። እኩል ተቀምጣችሁ እኩል ልትሰሙት ነበር። እሱ ግን እንደ ድሮው ቀድሞሽ ሄደ። በዚህ ላይ እንደ ድሮው ተመልሶ አልነገረሽም።

በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። ለሰዎች አጫጭር ልቦለዶችን መጨረሻቸውን አስቀድመው እየነገሩ አስነበቧቸው። አንባቢዎቹ መጨረሻውን ማወቃቸው ደስታቸውን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደዷቸው። ባልሽ ይህን ከሰማ ሳይጠቀምበት አይቀርም፤ ስለዚህ ቀድሜ ልንገርሽ። ጥናቱ ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚተውን ባል አልለካም።

እኔ ጥፋቱን ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። ቀድሞ ማየቱ አንድ ነው። ማስመሰሉ ሌላ ነው። አንድ ላይ ከደባለቅሻቸው ሁለቱንም በትክክል አትመዝኛቸውም።

ቀድሞ በማየቱ እኔ ብዙ አልፈርድበትም። ያ ሲዝን በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ከ60 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ዓለም ሁሉ ስለሱ ያወራል። አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። እሱ መኪና ውስጥ ነው፤ ተሳፋሪው ከኋላ ተቀምጦ ስለሱ በስልክ ቢያወራ የት ይሸሻል? ሌሊት ብቻውን ቆሟል። ስልኩ እጁ ላይ ነው። ሰይጣን እንዲህ ያለ ሰዓት ይወዳል።

ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት። ታላቅ ወንድሜ ሳንቲሙን ከመክፈሉ በፊት የሚወጡትን ልጆች አስቁሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «አክተሩ ይሞታል?» የሚል። ይሞታል ካሉት ከፍሎ አይገባም። አይሞትም ካሉት ገብቶ፣ ተረጋግቶ ያያል። እኛ እንስቅበት ነበር። «አክተር አይሞትም» የምንለው እኛ ነና! ሲሞት ደንግጠን የምናለቅሰውም እኛ ነበርን። እሱ ግን ፈሪ አልነበረም። በሰፈሩ ጠብ መጀመሪያ የሚሰለፍ ልጅ ነበር። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚወደው ሰው ምን እንደሚደርስበት ሳያውቅ መቀመጥ። ባልሽ «መጨረሻውን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም» ሲልሽ እኔ ወንድሜ ትዝ አለኝና አመንኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ሰው አንዳንዴ ስለቸኮለ ብቻ ነው የሚቸኩለው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ 12 ዓመቷ ልጅ በአጭሩ ነክተሽ አልፈሻል። እኔ ግን እዚያ ቆየሁ። ጊ-ሁን ማን ነው? ሥራ ያጣ፣ በሹፌርነት የሚፍጨረጨር ሰው ነው። ልጁ ከእናቷና ከእንጀራ አባቷ ጋር አሜሪካ ሄዳለች። የመጀመሪያው ሲዝን ሲያልቅ ወደ እሷ ሊበር ኤርፖርት ድረስ ደርሶ፣ ከአውሮፕላኑ በር ተመለሰ። አራት ዓመት ሙሉ የተመልካች ግማሹ የሚጠብቀው ይህን ነበር፤ ልጁን መቼ ያያል? ደራሲውና ዳይሬክተሩ ሁዋንግ ዶንግ-ህዮክም መጀመሪያ ያሰበው ጊ-ሁን በሕይወት ተርፎ ልጁን ሊያይ አሜሪካ የሚሄድበትን መጨረሻ እንደነበር ተናግሯል። በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። አባትየው አልደረሰም። ሎስ አንጀለስ ያለችው ልጅ በር የተንኳኳው በማታውቀው ሰው ነው። የተሰጣት ሳጥን ነው። ውስጡ 456 ቁጥር ያለበት የአባቷ ልብስና የባንክ ካርድ አለ።

አንቺ የጮህሽው ጊ-ሁን ሲወድቅ ነው። ባልሽ ያን ቅዳሜ ሌሊት የት ላይ እንደጮኸ ታውቂያለሽ? ሹፌር ነው። ልጁ ባሕር ማዶ ናት። ወረቀቱ አላልቅ ብሎታል። ኤርፖርት ቆሟል፤ የሚጠብቀው ግን የሰው እንግዳ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ የሞተ አባት ልብስ ለልጁ ሲሰጥ ያያል።

እኔ ብሆን ያን ትዕይንት መጀመሪያ ብቻዬን ባየው እመርጥ ነበር።

እንግዲህ ምናልባት፣ ምናልባት ነው የምልሽ፣ እሁድ ማታ ፊትሽን ያየው ሊስቅብሽ አይደለም። ብቻውን ያለፈበት ቦታ ላይ ሰው ሲያልፍ ማየት ፈልጎ ይሆናል። «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ማለት አይችልም፤ ካለ ይጋለጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ አየሽ። ወይም ደግሞ በቀላሉ ስትጮኺ ማየት ያዝናናው ነበር። ሁለቱም ይሆናል። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ እስካሁን አልጠየቅሽውም። የጠየቅሽው «ለምን ቀደምከኝ?» ብለሽ ነው። «ብቻህን ስታየው ምን ሆንክ?» አላልሽውም።

ይህን ያልኩት ማስመሰሉን ላቀልለት አይደለም። እሱ ላይ ካንቺ ጋ ነኝ። አንድ ጊዜ አይቶ፣ በማግስቱ እሁድ «ይቅርታ፣ አላስቻለኝም፣ ጨረስኩት» ቢልሽ ኖሮ ትራስ ትወረውሪበትና ያልቅ ነበር። እሱ ግን አንቺ የእውነት ስትጨነቂ የውሸት ሲጨነቅ ሦስት እሁድ ከረመ። ሰው እንደዚያ ሲደረግበት ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉንም ነገር መጠራጠር ይጀምራል። ባለፈው ሲስቅ የእውነት ነበር? ምግቡ ጣፈጠኝ ሲለኝስ? ዘጠኝ ቀን ያስኮረፈሽ ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ራስሽን በእርጋታ ጠይቂ። ይህ የመጀመሪያው ነው? ገንዘብ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ለቤተሰብ በሚላክ ነገር ላይ እንዲህ የሆነ ነገር ታውቂያለሽ? የሚያውቀውን እንዳላወቀ ሆኖ ከርሞ በኋላ የደረስሽበት ጊዜ አለ? ካለ ጉዳዩ «ስኩዊድ ጌም» አይደለምና ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ በሌላ ዓይን እናየዋለን። ከሌለ ግን ዘጠኝ ቀን በዝቷል። በእኔ ሚዛን ሦስት ቀን ይበቃው ነበር።

በኩርፊያ የማልፈርድ ሰው ነኝ፤ ራሴም የታወቅኩ ኩርፈኛ ነበርኩ። ክፋቱ ግን የተኮረፈው ሰው ቅጣቱ መቼ እንደሚያልቅ አለማወቁ ነው። መጨረሻውን ሳያውቅ መቀመጥ የማይችል ሰው ላይ ደግሞ ቅጣቱ እጥፍ ነው። ይህን ሆነ ብለሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ለአንቺም ቢሆን፣ ከሳምንቱ ያላችሁ አንድ ማታ ነው። ባለፈው እሁድ እሱም በዝምታ አለፈ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዛሬውኑ፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ፣ አጭር መልእክት እልክለታለሁ፤ «እሁድ ማታ እናውራ። ቴሌቪዥን አንከፍትም።» በቃ። ልብ በሉ፣ የልብ ምልክት የለበትም፤ የንዴት ፊትም የለበትም። ቀኑን ማወቁ ብቻውን ያሳርፈዋል። እሁድ ልጁ ሲተኛ ቡናውን እሱ ያፍላ። ይህቺ የእኔ ጭማሪ ናት፤ ካሳው ከዚያ ይጀምር።

ከዚያ የሚያመውን ነገር ለይተሽ ንገሪው። «ቀድመህ ማየትህ አናደደኝ። ያመመኝ ግን እኔ የእውነት ስጨነቅ አንተ ስትተውን መክረምህ ነው» በዪው። ይህን ብለሽ አቁሚ። የድሮ ጠብ አታንሺ። የእናቱን ጉዳይ አታንሺ። ዝም በዪ፤ ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። ይቅርታ ካለ ተቀበዪ። ይቅርታው ቀድሞ ለማየቱ ብቻ ከሆነ ግን «እሱን ትቼዋለሁ፤ ስለ ሦስቱ እሁድ ነው የምልህ» ብለሽ መልሺው።

ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ወሬ፣ «ቅዳሜ ሌሊት ብቻህን ስታየው የት ላይ ነው የከበደህ?» በዪው። «ሳጥኑ ላይ» ካለሽ፣ እባክሽ «አውቄው ነበር» አትበዪ። አማካሪዋ ነገረችኝም አትበዪ። ዝም ብለሽ ስሚው። «የትም፤ ቸኩዬ ነው» ካለሽም እሺ ብለሽ እመኚው። ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

«ፊልም እኮ ነው!» ብሎ ከሳቀስ? ሊል ይችላል፤ አፍሮ የሚስቅ ወንድ ብዙ ነው። አትጣዪው። «ፊልሙ አልቋል፤ እኔ ስለ ቃላችን ነው የማወራው» ብለሽ ሲኒሽን ይዘሽ ተነሺ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ነው የሚያስበው። ይቅርታው ማክሰኞ ቢመጣም ያው ይቅርታ ነው።

ስለ ልጅቷ ከተነሳ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕድሜዋን ጽፈሽልኛል። ድምፅዋን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያለችበትን ክፍል፣ የምትወደውን ነገር ታውቂያለሽ? እንዲህ ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሌሊት እየሠራሽ ሕፃን ታሳድጊያለሽ። ግን በአሜሪካ በጋ ሜሪላንድ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ሲሆን አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እሁድ ጠዋት ከሥራ ገብተሽ ሳትተኚ፣ ወንድሟን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ አሥር ደቂቃ በቪዲዮ ብታይያት ለባልሽ ምን እንደሚሆንለት አስቢው። ወረቀቱን አያፋጥነውም። ሰውየው ግን ልጁን ብቻውን አይጠብቃትም ማለት ነው።

ለእናትሽ «ፊልም ቀድሞኝ አየ» አትበያቸው። «ቃል አጠፈ» በያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ጓደኛሽን ተያት፤ የእሷም ቀን ይመጣል። ነገሩን ወደ ሽማግሌ ግን አታድርሺው። ሽማግሌዎቹ «ምን በደለሽ?» ይሉሻል፣ «ቀድሞኝ አየ» ትያለሽ፣ «ምን አየ?» ይላሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ዘጠኙንም ክፍል ከመጀመሪያው ልትተርኪላቸው ነው።

ለወደፊቱ አዲስ ውል አብጁ። «ማንም አይቅደም» የሚለው ለእሱ ዓይነት ሰው አይሆንም፤ አይጠብቀውም። «የቀደመ በዚያው ቀን ይናገር፤ መጨረሻውን ግን አይንገር» የሚለው ይሻላል። ያኔ እሱ አውቆ ይቀመጣል፤ አንቺም ማወቁን አውቀሽ ትቀመጫለሽ። ማስመሰል አይኖርም። እንደ 2021 አይሆንም፤ ግን የራሱ ጣዕም አለው። ወንድሜ አክተሩ እንደማይሞት አውቆ ሲያይ እኛ ደግሞ የእሱን ፊት እያየን እንረጋጋ ነበር።

መጨረሻው ላይ ሎስ አንጀለስ ጭር ያለ መንገድ ውስጥ ለጨዋታው ሰው ስትመለምል ሰውየውን በጥፊ የምታጮለዋን ሴትዮ አይተሻታል አይደል? ሰው ሁሉ «ጨዋታው አሜሪካ ገባ ማለት ነው» እያለ ነው። ተከታዩ ከመጣ እንግሊዝኛው ያለ ትርጉም ነው የሚሆነው፤ አሁን ደግሞ አንቺ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። ሪሞቱ አንቺ ጋ ይሁን። የይለፍ ቃሉንም እስከዚያው ቀይሪው።